ተፋላሚውና ዜና ጸሐፊው፤ የይዘት ፈጣሪዎች በፍልሚያ ጌም ማኅበር ላይ ስላላቸው ሥልጣን

በአዲስ አበባ ከአብነት አደባባይ ተነሥተው ወደ መርካቶ መሀል በሚዘልቁት መንገዶች ዳርና በየውስጥ ለውስጡ መንደር፣ ከአንዲት ክፍል የማይሰፉ ጌም ቤቶች አሉ፤ በእነዚህም ቤቶች ወጣቶች በቴሌቪዥን ፊት ጥንድ ጥንድ ሆነው ተቀምጠው፣ ሒሳቡን በጨዋታ ወይም በሰዓት እየከፈሉ፣ ጆይስቲክ ጨብጠው ይወዳደራሉ። አብዝቶ የሚዘወተረው የእግር ኳስ ጌም እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ተከን ወይም ሞርታል ኮምባት በተከፈተ ጊዜ የቤቱ መንፈስ ሌላ ይሆናል፤ በእግር ኳሱ ተጫዋቹ አሥራ አንድ ሰው እየለዋወጠ ሲያንቀሳቅስ፣ የሰፈር ልጅ «የድብድብ ጌም» በሚለው በዚህኛው ግን አንድ ሰው በአንድ ሰው ፊት ይቆማልና፣ ጥፋቱን የሚያላክክበት ተከላካይም ሆነ ዳኛ አያገኝም። ከኋላ የቆመው ተረኛ ይመክራል፣ ይፈርዳል፣ ያደንቃል፤ ያሸነፈው እንደ ተቀመጠ ሲቆይ የተሸነፈው መቀመጫውን ይለቃል። ማታ ቤቱ ሲዘጋ ግን የዕለቱ ፍልሚያ ሁሉ ከተመልካቹ አንደበት በቀር ማደሪያ የለውም፤ ጥቂት ወራት ካለፉም በኋላ የሰፈሩ አንደኛ ማን እንደ ነበረ፣ በየትኛው ገጸ ባሕርይ ተጫውቶ በምን ዘዴ እንደ ረታ የሚያስረዳ መዝገብ አይገኝም።

ዛሬ በላስ ቬጋስና በቶኪዮ ታላላቅ አዳራሾችን የሚሞላው የፍልሚያ ጌም ማኅበር፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ከእነዚህ ቤቶች እምብዛም የማይሻሉ ጠባብ የጨዋታ ቤቶች ልጅ እንደ ነበረ ያስተዋለ ሰው፣ ከዚያ ወደዚህ ያሸጋገረው ምንድር ነው ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የተለመደው መልስ የኩባንያዎች ገንዘብ ነው የሚል ነው። የእኔ ፍርድ ግን ከዚህ ይለያል፤ ይህን ሕዝብ ማኅበር ያደረገው፣ ፍልሚያውን የቀረጸው፣ የተረከው፣ የተረጎመውና ለማያውቀው ያስተማረው ሰው፣ ይኸውም በዘመናችን አጠራር ይዘት ፈጣሪ የሚባለው ነው እላለሁ፤ የዚህም ሰው ሥልጣን ከአሸናፊው ሥልጣን የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ፣ እንደ ማናቸውም ሥልጣን ሊመረመር ይገባዋል።

ይህ ጨዋታ ያለ ተርጓሚ የማይታይ ጥበብ ነው። በስክሪኑ ላይ አንዲት ሰከንድ በ60 ምስሎች ትከፈላለች፤ እያንዳንዱ ምት የሚነሣበት፣ የሚመታበትና ወደ ቦታው የሚመለስበት የተቆጠረ የምስል ብዛት አለው፤ ስለዚህም ተፋላሚው የተቃዋሚውን ክንድ ማየት ብቻ ሳይሆን፣ የሳተው ምት ስንት ምስል እንደሚያስከፍለው አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። ለባዕድ ዓይን ይህ ሁሉ ብልጭታና ጩኸት ነው፤ ሁለቱ ገጸ ባሕርያት ሳይነካኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲመላለሱ ቢያይ ጨዋታው የቆመ ይመስለዋል፤ አዋቂው ግን የፍልሚያው ምሥጢር በዚያው መመላለስ ውስጥ እንዳለ፣ አንዱም ሌላውን ከክንዱ ርቀት ጥቂት ፈቀቅ ብሎ እንዲሰነዝርና እንዲስት እያባበለው እንደ ሆነ ያውቃል። ከዚህም በላይ፣ ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ውስጥ ምትን ከምት ጋር ሳያቋርጡ የማያያዝ ስልት፣ ተጫዋቾች «ኮምቦ» የሚሉት፣ በዕቅድ የገባ ነገር አልነበረም፤ ሠሪዎቹ በሥራ ላይ ሳሉ በአጋጣሚ አግኝተውት እንዳለ ተዉት እንጂ። እስከ የት እንደሚዘልቅ ፈትኖ ያወቀው ተጫዋቹ ነው። እንግዲህ ንባቡ የኩባንያው ሲሆን ትርጓሜው የሕዝቡ ሆነ ማለት ነው፤ በአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ በጉባኤ ቤት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል እየተላለፈ፣ የላይ ቤትና የታች ቤት እየተባለ እንደ ተለየ ሁሉ፣ የዚህም ጨዋታ ዕውቀት በየከተማው በየቤቱ በቃል ሲተላለፍና ሲለያይ ቆየ።

የተበተነውን ዕውቀት መጀመሪያ ከሰበሰቡት መካከል መጣጥፍ ጸሐፊዎች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በካሊፎርኒያ «ባትል ባይ ዘ ቤይ» በሚል ስም ተጀምሮ በ2002 ኢቮ የተባለውን ውድድር ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ የሆነው ሴት ኪሊያን፣ ስለ ተፋላሚ ሥነ ልቡና የጻፋቸው ተከታታይ መጣጥፎች ለአንድ ትውልድ መማሪያ ሆነዋል። ዴቪድ ሰርሊን የተባለውም ጸሐፊ ለማሸነፍ ስለ መጫወት ባዘጋጀው መጽሐፍ፣ ጨዋታው የፈቀደውን ስልት «ነውር ነው» ብሎ የሚተውና ሌላውም እንዲተውለት የሚለምን ተጫዋች፣ እርሱ ራሱ በፈጠረው ሕግ ታስሮ እንደሚሸነፍ አስረዳ። ይህ አስተያየት የማኅበሩን ግብረ ገብ ለወጠው። ጌም ቤትን የሚያውቅ አንባቢ ክርክሩ ለእኛም ባዕድ እንዳልሆነ ያውቃል፤ አንድን ምት ደጋግሞ መምታት፣ ተቃዋሚን ጥግ አስይዞ አለማስነሣት ያስነቅፋል ወይስ አያስነቅፍም የሚለው ነገር በተለያየ ቤት የተለያየ ብያኔ የሚሰጥበት፣ አንዳንድ ጊዜም ጓደኛሞችን የሚያኳርፍ ጉዳይ ነውና። ልዩነቱ፣ በዚያ አንድ ሰው ክርክሩን ጽፎ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲመክሩበት ማድረጉ፣ በዚህ ግን ክርክሩ በየቤቱ እንደ አዲስ ተወልዶ እዚያው መሞቱ ነው።

ጽሑፍ የጀመረውን የተቀረጸ ምስል ፈጸመው፤ ለዚህም ከሁሉ የታወቀው ምስክር እ.ኤ.አ. በ2004 በፖሞና፣ ካሊፎርኒያ በተደረገው የኢቮ ውድድር የተቀረጸው ፍልሚያ ነው። ጨዋታው ስትሪት ፋይተር 3 ሰርድ ስትራይክ፣ ተፋላሚዎቹም ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራና አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ ነበሩ። የዳይጎ ገጸ ባሕርይ ኬን ሕይወቱ ተሟጦ፣ ልዩ ምት ቢሰነዘርበት በተለመደው መንገድ ቢመክተው እንኳ የሚሞትበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጀስቲንም ይህን ዐውቆ በገጸ ባሕርይው በቹን ሊ አማካይነት ተከታታይ ርግጫ የሚያወርደውን ታላቁን ምት ለቀቀበት። ከዚህ የሚያድን አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም መሪውን ወደ ኋላ ከመሳብ ይልቅ ወደ ተቃዋሚው አቅጣጫ፣ ምቱ በሚያርፍባት ቅጽበት እየገፉ እያንዳንዱን ርግጫ ለየብቻው መመከት ነው። ዳይጎ 15ቱንም ርግጫ መከተ፤ ወዲያውም መልሶ አጠቃና ዙሩን አሸነፈ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ጩኸቱም ከምስሉ ጋር አብሮ ተቀረጸ።

ቅጂውን ያሠራጨው ቤን ኩረተን «37ኛው ቅጽበት» የሚል ስም ሰጠው። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ ነበር፤ ከዚህ በፊት 36 ሌሎች ታላላቅ ቅጽበቶች እንደ ነበሩ፣ ኢቮም እንዲህ ያለው ተአምር የሞላበት እንደ ሆነ ለተመልካቹ እንዲያሳስብ ታስቦ የተሰጠ ነው። በዚህ የስያሜ ጥበብ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ፍልሚያው የተደረገው በተሸናፊዎች ምድብ ፍጻሜ እንጂ በውድድሩ ፍጻሜ አልነበረም፤ ዳይጎ ከዚህ ድል በኋላ ወደ ታላቁ ፍጻሜ አልፎ በኬንጂ ኦባታ ተሸንፏል። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ኦባታ ነው። የጨዋታውን ስም ሰምተው ከማያውቁ ሰዎች ሳይቀር ያን የ15 ርግጫ ምክት ያየ ብዙ ሰው ይገኛል፤ የኦባታን ስም የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። ዋንጫውን አንዱ ወሰደ፣ ታሪኩን ሌላው ወረሰ፤ ከሁለቱ ማን እንደሚታወስ የወሰነውም መቅረጫውን የያዘው፣ ከሰዓታት ቅጂ ውስጥ ያችን አንዲት ደቂቃ ለይቶ ያወጣትና ስም ያወጣላት ሰው ነው። ይዘት ፈጣሪ በዚህ ማኅበር ላይ ሥልጣን አለው ስል ይህን ማለቴ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የዐፄ ዓምደ ጽዮንን የዐሥራ አራተኛው ምዕት ዓመት ዘመቻ እንደ ቅርብ ነገር የምናየው፣ ስሙን ያልገለጸ አንድ ዜና መዋዕል ጸሐፊ በንጉሡ ወገን ቆሞ ስለ ጻፈልን ነው፤ የዐሥራ ስድስተኛውን ምዕት ዓመት ጦርነት ስንመረምር ደግሞ የኢማም አሕመድን ዘመቻ በቅርብ ተከታትሎ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ በየገጹ ያጋጥመናል፤ ስለ ሽምብራ ኩሬ ውጊያ ብዙ ዝርዝር ያወቅነው ከድል አድራጊው ወገን ብዕር ነውና። ከጦር ሠራዊት ጋር የሚዘምተው አዝማሪም የሚያወድሰውን ሲያወድስ፣ ፈሪውን በዜማ ሲወጋ፣ መኳንንቱ ፊቱን ይፈሩት ነበር፤ የጀግንነት መመዘኛው ምን እንደ ሆነ ለሠራዊቱ የሚያስተምረው እርሱ ነበርና። በሬዲዮ ዘመንም የሆነው ከዚህ አይለይም። ኢትዮጵያ በ1980 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትታ የሴካፋን ዋንጫ ስትወስድ፣ ሜዳውን በዓይኑ ካየው ሰው ይልቅ በሬዲዮ የሰማው ይበዛ ነበር፤ ዛሬም የዚያን ቀን ነገር የሚያነሣ ሰው ከግቡ አስቀድሞ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ያነሣል።

ወደ ጌሙ ዓለም ስንመለስ፣ ትረካ አንድን ማኅበር ከመቃብር አፋፍ እንደሚመልስ የሚያሳየው የሱፐር ስማሽ ብሮስ ሚሌ ነገር ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ያረጀና አሳታሚው ኒንቴንዶ ወደ ሌላ ያለፈው ሆኖ ሳለ፣ ወዳጆቹ በ2013 ኢቮ ውስጥ እንዲገባ ለጡት ካንሰር ምርምር 94,683 ዶላር አዋጥተው ቦታ አገኙ። ኒንቴንዶ ግን ውድድሩ በቀጥታ እንዳይተላለፍ ሊከለክል ሞከረ፤ ቁጣው ሲበረታ በዚያው ቀን ሐሳቡን ለወጠ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ትራቪስ ቦሻም የተባለ ሰው «ዘ ስማሽ ብራዘርስ» የሚል ዘጠኝ ክፍል ያለው ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ለሕዝብ በነጻ አቀረበ። ፊልሙ ያደረገው ነገር ቀላል ነበር፤ ወጣቶቹን እንደ ሰው፣ ከየሰፈራቸው፣ ከየቂማቸውና ከየወዳጅነታቸው ጋር አሳየ፤ ማን በማን እግር እንደ ተተካ ትውልድ እየቆጠረ ተረከ። ስለ ጨዋታው ምንም የማያውቅ ሰው ያን አይቶ ተጫዋች ሆነ። ከብዙ ሥራዎች መካከል እኔ በማኅበር ምሥረታ ረገድ ይህን ከሁሉ አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ሌሎቹ ፍልሚያን ሲያሳዩ፣ ይህኛው የፍልሚያን ዘር ሐረግ ጽፏል።

ሌላው ወገን የመምህራን ወገን ነው። ማክሲሚሊያን ዱድ በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ማርቭል ከካፕኮም 3ን ገጸ ባሕርይ በገጸ ባሕርይ፣ በቀልድና በድራማ እያዋዛ አስተማረ፤ ኮር ኤ ጌሚንግ የተባለው ዝግጅት ደግሞ፣ ቁልፎቹን እንዳገኘ የሚነካካ ጀማሪ ለምን አዋቂን እንደማያሸንፍ በእርጋታና በማስረጃ አብራራ። እነዚህ ሰዎች በጠባብ ክፍል ውስጥ ከኋላ ቆሞ የሚመክረውን የተረኛ ሥራ ወስደው ለዓለም ሁሉ አደረጉት። ማክሲሚሊያን በ2021 ማርቭል ከካፕኮም 2 እንደገና እንዲታተም ዘመቻ አነሣ፤ ካፕኮምም በ2024 ጨዋታውን ከሌሎች ጋር ሰብስቦ አወጣው፤ ምክንያቱ ዘመቻው ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ ጥያቄው እንዳይረሳ ያደረገው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 የወጣው ስትሪት ፋይተር 6 ደግሞ ነገሩን ወደ አዲስ ደረጃ አደረሰው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከውድድር መድረክ የታወቁ ተንታኞች፣ እንደ ጄምስ ቼንና ስቲቭ ስኮት ያሉ፣ ድምፃቸው ተቀርጾ ገብቷል፤ በቤቱ ብቻውን የሚጫወት ልጅ እንኳ እያንዳንዱ ምቱ እንደ ታላቅ ውድድር ሲተረክ ይሰማል። ተራኪው ከጨዋታው ውጭ መሆኑ ቀርቶ የጨዋታው አካል ሆነ። በጃፓንም በዚያው ዓመት ክሬዚ ራኩን ካፕ በተባለው ግጥሚያ ብዙ ተመልካች ያላቸው አቅራቢዎች፣ አብዛኞቹ ጨዋታውን የማያውቁ፣ በባለሙያ ተፋላሚዎች እየተመከሩ ተጋጠሙ፤ በእንግሊዝኛ ተናጋሪውም ወገን ሳጃም የተባለው ተንታኝ ተመሳሳይ ግጥሚያ አቋቁሞ አሠልጣኝንና ጀማሪን አጣመረ። ተመልካቹ በፍልሚያው ውጤት ሳይሆን ሰው ሲማር በማየት ተሳበ። ይህን ጥሩ አድርጌ አየዋለሁ፤ ለዓመታት ጀማሪን በንቀት ያባረረ ማኅበር፣ የጀማሪን ትግል መመልከት ያስደስት ዘንድ ተማረ። በ2023 በላስ ቬጋስ ኢቮ ላይ በስትሪት ፋይተር 6 ብቻ ከ7,000 በላይ ተወዳዳሪ ተመዘገበ፤ በ2024ም የካፕኮም ካፕ አሸናፊ የሆነው የታይዋኑ ዩማ 1 ሚሊዮን ዶላር ተቀበለ።

ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ጉዳትም አለው፤ ይህንም ሳልሸፋፍን መናገር አለብኝ። የመጀመሪያው ጉዳት የገጸ ባሕርያት የማዕረግ ዝርዝር ነው። አንድ የታወቀ አቅራቢ ከላይ እስከ ታች ደረጃ ሰጥቶ ያወጣውን ዝርዝር አንድ ሺሕ ጀማሪ ሳይፈትን ይቀበለዋል፤ ከታች የተቀመጠውን ገጸ ባሕርይ የሚመርጥ ይጠፋል፤ ስለማይመረጥም አዲስ ስልት አይገኝለትም፤ ዝርዝሩም ራሱን በራሱ እውነት ያደርጋል። ሁለተኛው ጉዳት አጭር ቅንጥብ ምስል ነው፤ አንድ ፍልሚያ አስቀድሞ የነበረው ፍርሃት፣ ማጥናትና ማታለል ተቆርጦ የመጨረሻዋ ምት ብቻ ስትቀር፣ ተመልካቹ ውጤትን ያያል እንጂ ምክንያትን አያይም፤ ጥበብም ወደ ተአምር ይወርዳል። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ጥገኝነት ነው። አዲስ ጨዋታን ከሌላው አስቀድሞ የሚያገኝ አቅራቢ ኩባንያውን መንቀፍ ይከብደዋል፤ ኒንቴንዶም በ2023 ባወጣው መመሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ በአካል የሚደረግ የማኅበረሰብ ውድድርን በ200 ሰው ሲወስን እንደ ታየው፣ የምስሉ ባለቤትነት በኩባንያው እጅ ነው። ዜና ጸሐፊ በንጉሥ ድንኳን ሲያድር የሚጽፈውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለአብነት ሰፈር የሚቀርበው ምሳሌ ግን የፓኪስታኗ ከተማ የላሆር ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 አርስላን ሲዲቂ፣ በውድድር ስሙ አርስላን አሽ፣ በአስቸጋሪ የአውሮፕላን ጉዞ ተንገላትቶ ፉኩኦካ፣ ጃፓን ደረሰ፤ የኢቮ ጃፓንን የተከን 7 ዋንጫም ወሰደ። ድል ካደረገ በኋላ በአገሩ ከእርሱ የማያንሱ ብዙ ተጫዋቾች እንዳሉ ተናገረ። ብዙ ሰው ትሕትና መሰለው። በነሐሴ ወር በላስ ቬጋስ ኢቮ ላይ የደቡብ ኮሪያውን ታላቅ ተፋላሚ ኒን አሸንፎ ሁለተኛውን ዋንጫ ሲወስድ፣ በኋላም አቲፍ በትን የመሰሉ የአገሩ ልጆች በዓለም ውድድር ሲያሸንፉ፣ ቃሉ እውነት እንደ ነበረ ታወቀ። እንግዲህ እነዚያ የላሆር ልጆች በ2019 አልተፈጠሩም፤ ለዓመታት በጨዋታ ቤቶቻቸው፣ ማንም ሳይቀርጻቸው፣ እርስ በርሳቸው ሲሳሳሉ ኖረዋል። ዓለም ያላያቸው ስላልነበሩ ሳይሆን ስላልተተረኩ ነው። አርስላን አውሮፕላን ተሳፍሮ በአካል ባይሄድ ኖሮ እስከ ዛሬ ባልታወቁም ነበር። ከእኛ ጎረቤት ደግሞ ናይሮቢ ላይ ኩዊን አሮው በሚል ስም የምትታወቀው ሲልቪያ ጋቶኒ በ2018 በተከን 7 ወደ አንድ አሜሪካዊ ቡድን ገብታ፣ የፍልሚያ ጌም ሴት ልጅ የምትኖርበት ቦታ እንደ ሆነ በየመድረኩ እየተናገረች ለአገሯ ታሪክ ከፍታለች።

በአዲስ አበባ ግን ይህን መንገድ የሚያከብዱ ነገሮች አሉ። ከውጭ ተወዳዳሪ ጋር በኢንተርኔት ለመግጠም ርቀቱ ራሱ ጠላት ነው። ቶኒ ካነን እ.ኤ.አ. በ2006 ጂጂፒኦ የተባለውን ዘዴ ሠርቶ፣ የተቃዋሚው ትእዛዝ እስኪደርስ ማሽኑ በግምት እንዲቀጥልና ግምቱ ቢስት ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲያርም በማድረጉ ችግሩን አቅልሏል፤ ርቀቱ ሲበዛ ግን ግምቱ አብዝቶ ይስታል፣ ምስሉም ይዘላል። ለተራኪውም ቢሆን መድረኩ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ዩቲዩብ፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ቴሌግራም በአገራችን ተገድበው በቆዩበት ጊዜ፣ ሥራውን በእነርሱ ላይ የመሠረተ ወጣት ሁሉ ከታዳሚው ተቆራርጧል። ስለዚህ የአብነት ተፋላሚ መጀመሪያ ሊያሸንፈው የሚገባው የጎረቤት መንደር ልጅ ነው፤ አማኑኤል ከአብነት፣ አብነት ከሰባተኛ ይጋጠሙ፤ ይህ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ የሚጠይቀው አንድ ስልክ ነው።

በስልኩ የሚቀረጸው ምን ይሁን? የአብነት ተራኪ የውጭውን አቅራቢ ጩኸትና ፈገግታ ከመቅዳቱ በፊት፣ በየቤቱ የሚነገረውን አማርኛ ቢሰበስብ እመርጣለሁ። ልጆቹ የገጸ ባሕርያቱን ምቶች የሚጠሩባቸው ስሞች ከጨዋታው መመሪያ የመጡ አይደሉም፤ ራሳቸው ከምቱ መልክና ከሰፈሩ ወሬ ያወጡላቸው ናቸው፤ ከቤት ቤትም ይለያያሉ። ይህ የቃል መዝገብ ከየትኛውም ኮምቦ ይልቅ የእኛ የሆነ ሀብት ነው፤ ትናንሾቹ የኪራይ ቤቶች በከተማው መታደስ ሲፈርሱና ልጆቹ ሲበተኑም አብሮ የሚጠፋው እርሱ ነው። በአማርኛ ፍልሚያን መተረክ የሚሻ ሰው የቃላት ድህነት አለበት ብዬ አላምንም፤ መመከትን፣ ማዘናጋትን፣ ጥግ ማስያዝን፣ አሳስቶ መምታትን የሚናገር ቋንቋ ከጉግስና ከገና ጨዋታ፣ ከፉከራና ከሽለላ ወርሰን ሳለ የሰው ጩኸት የምንዋስበት ምክንያት አይታየኝም። ከቋንቋው ቀጥሎ የሚመዘገበው ነገር ደረቅ ነው፤ ቀኑ፣ ቤቱ፣ የጨዋታው ዓይነትና ዕትም፣ የሁለቱም ተፋላሚዎች የጨዋታ ስም፣ የመረጡት ገጸ ባሕርይ፣ ስንት ለስንት እንደ ተለያዩ። የተሸናፊው ስም ከአሸናፊው ጎን ይጻፍ፤ ሙሉው ግጥሚያ ከቅንጥቡ ጋር ይቀመጥ፤ ከኋላ የሚናገሩትም ሰዎች ድምፅ አይቆረጥ።

የቀረው የመብት ነገር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝን ሲጠብቅ፣ በሐሳቡ ያለው የኪነ ጥበብን ሥራ የሚከውን ሰው ነው፤ በጆይስቲክ የሚፋለም ልጅ ከዋኝ ይባላል ወይስ የኩባንያው ዕቃ ተጠቃሚ ብቻ ነው የሚለው ጥያቄ በሕግ ሊቃውንት ሊመረመር የሚገባው ነው፤ እኔ ከዋኝ ነው ወደሚለው አዘነብላለሁ፤ ዳይጎ እ.ኤ.አ. በ2004 ያደረገውን ካፕኮም አላደረገውምና። ሊቃውንቱ እስኪበይኑ ድረስ ግን፣ በጌም ቤት ከሚጫወቱት ብዙዎቹ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ስለ ሆኑ፣ ቀራጩ መሣሪያውን ከመክፈቱ አስቀድሞ ከልጁና ከወላጁ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ፊትን ሳይሆን ስክሪኑንና እጅን ይቅረጽ፤ ገቢ ቢገኝም ለቤቱ ባለቤትና ለሁለቱ ተፋላሚዎች የሚደርሰውን ድርሻ አስቀድሞ፣ በምስክር ፊት፣ በወረቀት ላይ ያስፍር።